በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ

ከላይኛው አየር ማረፊያ እስከ ታችኛው በአውሮፕላን ቁልቁል ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ሽቅብ ሲሆን ንፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ሃምሳ ይሆናል። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን ገደሉን ዞሮ ማለፍ አለበትና ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሲመሽ ይገባል። በካርታ ላይ ሁለቱን በአንድ አውራ ጣት መሸፈን ይቻላል። የላይኞቹ ሰዎች ስለ ታችኞቹ ሲያወሩ "እዚያ ታች" ይላሉ። ሲናገሩት ከርቀቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይሰማል።

እሷ የላይኛው አየር ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች ነበረች። ሥራዋን ከለቀቀች ሳምንት አልፏታል። ዛሬ የመጣችው እንደማንኛውም ተሳፋሪ ሁለት ሻንጣና እናቷን ይዛ ነው። ወንድሟ ወዳለበት ትልቅ ከተማ ተጠቃልለው ሊሄዱ ነው። ቤቱ ተከራይቷል፤ ቁልፉ ተሰጥቷል፤ ጎረቤት ተሰናብቷል። ሁሉም ነገር አልቆ ሳለ የአውሮፕላኑ የቀኝ ሞተር አልነሣም አለ።

አብራሪው ደጋግሞ ሞከረ። ፕሮፔለሩ ሰነፍ ተማሪ ከወንበሩ እንደሚነሣ ትንሽ ዞር ይልና መልሶ ይቆማል። በመጨረሻ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ወደ አዳራሹ ተመለሱ።

"ተገፍቶ የሚነሣ ከሆነ እንግፋው!" አለ አንድ ወፍራም የሥራ ተቋራጭ። አዳራሹ ሳቀ።

እናቷ አልሳቁም። የሴቶች ትምህርት ቤት ሲመሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም፣ እስከ ዛሬ አገር የሚያውቃቸው "ዳይሬክተሯ" በሚለው ስም ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጡ ጀርባቸው የወንበሩን መደገፊያ አይነካም።

"መካኒኩ ከታች እየመጣ ነው። በዕቃ ጫኟ አውሮፕላን ተሳፍሯል" አለች ትኬት ቆራጯ።

ልጅቱ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። እዚያ ታች ያለው መካኒክ አንድ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ "ብሎን" ይሉታል፤ ቀጭን ስለሆነና አንዴ ከጠበቀ ስለማይላላ። ስሙ እናቷ ጆሮ በደረሰ ቀን ቤት ውስጥ የተባለውን አልረሳችም፦ "የዳኛ ልጅ አሳድጌ ለብሎን ልስጥ?"

"እሱ ነው የሚመጣው?" አሉ እናቷ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"አንቺማ ምን ታውቂያለሽ። ያ ሰው ሲፈለግ ይጠፋል፤ ሳይፈለግ ክንፍ ያወጣል።"

ልጅቱ በመስኮቱ ውጭ ውጩን ማየት ጀመረች። ከልማድ የተነሣ ደመናውን ለካች። ከፍ ያለ፣ የተበታተነ፣ ጉዳት የሌለው ደመና ነበር። በእናቷ ንግግር አልተቆጣችም። ያስከፋት ንግግሩ እውነት መሆኑ ነው።

የተዋወቁት በስልክ ነበር። በሁለቱ አየር ማረፊያዎች መካከል አንድ ቀጥታ መስመር አለ። የላይኛው ጧት ጧት ለታችኛው የንፋሱን፣ የደመናውንና የአየር ግፊቱን ቁጥር ይሰጣል። ታች ቁጥሩን መቀበል የነበረበት ሰው ሁልጊዜ ቦታው ላይ ስለማይገኝ ስልኩን የሚያነሣው መካኒኩ ሆነ። በዚህ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፤ የሰማኸውን መልሰህ ትናገራለህ፤ የነገረህም ሰው "ልክ ነው" እስኪልህ ስልኩን አትዘጋም። እሷ በዚህ ቀልድ አታውቅም ነበር። ቁጥር ባልደገመላት አብራሪ ሁሉ ላይ ትጮሃለች። እሱ ግን ሳይነገረው ይደግም ነበር።

"ንፋስ ከምሥራቅ፣ አሥራ ሁለት" ስትል፣ "ንፋስ ከምሥራቅ፣ አሥራ ሁለት፤ ጉንፋንሽ ደግሞ ከትናንት ብሷል" ይላታል።

"ጉንፋኔ ሪፖርት ውስጥ የለም።"

"ቢኖር ኖሮ በረራ ይሰረዝ ነበር።"

ፊቱን ከማየቷ በፊት ሳቁን ታውቀው ነበር። በኋላ ደግሞ እሱ በዕረፍት ቀኑ በዕቃ ጫኟ ሽቅብ መምጣት፣ እሷም ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ሃምሳ ደቂቃውን "ናፍቆት"፣ ሠላሳ አምስቱን "ጥጋብ" ብለው ስም አወጡላቸው።

ከዚያ ያ ጧት መጣ። የአባቷ ልብ ታመመና ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳቸው ልዩ አውሮፕላን ተጠራ። ዳኛው አልጋ ላይ ሆነው እጇን ይዘው "ያንን ልጅ አምጪልኝ። አይቼው ልሂድ" አሉ። ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ስሙን በቀና የሚያነሣ አልነበረም። ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን ነጥቃ ደወለች። እሱም "በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ" አላት። ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ "እሺ" አለችና ዘጋች።

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። አባቷ በቃሬዛ ተኝተው በር በሩን ሲያዩ አየቻቸው። አውሮፕላኑ ተነሣ። አባቷ ከዚያ ሆስፒታል አልተመለሱም፤ እሱም ለቀብር አልመጣም። አራት ወር ሙሉ ስሙን አልጠራችም፤ ጧት ጧትም ታች ስልኩን የሚያነሣው ሌላ ሰው ሆነ።

ዕቃ ጫኟ አረፈች። ከሆዷ በመጀመሪያ ካርቶን፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ከጎማው ኋላ እሱ ወጣ። ሰማያዊ ቱታ ለብሶ የመሣሪያ ሣጥኑን በግራ እጁ ይዟል። ወደቆመው አውሮፕላን ለመድረስ በአዳራሹ መስታወት ፊት ማለፍ ነበረበት። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ አያት። የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያን እንደሚያይ ዓይነት እይታ ነበር፤ ጥላቻም ፍቅርም የለበትም፣ "ይህን ማመን አይቻልም" የሚል ብቻ ነው።

እሷ ግን ፊቷ ጋለ። ደፍሮ እሱ ያኩርፍ?

ሥራውን ከጀመረ በኋላ ተሳፋሪው ማጉረምረም ያዘ። ዳይሬክተሯ ሰዓታቸውን አዩና ለልጃቸው በአገጫቸው ምልክት ሰጡ።

"ሂጂና ጠይቂው። መቼ ነው የሚጨርሰው?"

"ትኬት ቆራጯ ትጠይቀው።"

"ትኬት ቆራጯን አይፈራትም።"

"እኔንስ ይፈራኛል?"

"ማፈር አለበት። ሂጂ።"

ከአዳራሹ ወጥታ በአስፋልቱ ላይ ሄደች። እሱ የሞተሩን ሽፋን ከፍቶ በመሰላል ላይ ቆሟል። እጁ እስከ ክርኑ በቅባት ጠቁሯል። መምጣቷን በጫማዋ ድምፅ ማወቁን አወቀች፤ ትከሻው ደረቅ አለ።

"እናቴ መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ ትፈልጋለች።"

"ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን" አለ ሳይዞር። "አንቺስ?"

"ሰላምታ ልለዋወጥ አልመጣሁም።"

"ገብቶኛል። ወዴት ነው ጉዞው?"

"አይመለከትህም።"

"የምጠግነው እኮ አንቺን የሚወስድሽን ነው።"

"እንግዲያው ደህና አድርገህ ጠግነው።"

"መጥፎ አድርጌ ጠግኜ አላውቅም።" መፍቻውን ለወጠ። "አንዳንዱን ብቻ ነው ሳይጠገን የተውኩት።"

የሚያቆስል ነገር ፈለገች፤ የመጣላት ሁሉ የሚያስለቅስ ሆነ፣ የሚያስለቅሰው ደግሞ ራሷን። "መቼ ያልቃል? መልስልኝና ልሂድ።"

"በሁለት ሰዓት ያልቃል በያቸው።"

ስትመለስ እግሯ ፈጠነ። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ባገኘው ብላ ያጠራቀመችውን ቃል ሁሉ ሳትናገር እንዲህ ባዶ እጅ መመለሷ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

እናቷ ሲያዩዋት ተነሡ። "እህሳ?"

"በሁለት ሰዓት ያልቃል አለ።"

"ምን?" የዳይሬክተሯ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። "በሁለት ሰዓት? ማታ? መብራት ከሌለው መንደርደሪያ በጨለማ ሊያስነሣን ነው? ይኸው! አላልኩም? ሰውዬው ተንኮል ይዞ ነው የመጣው!"

"ማታ ማን አለ?" አለ የሥራ ተቋራጩ ብድግ ብሎ።

"ማታ አይደለም፣ እማዬ። ምን ነካሽ? አሁን አምስት ሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት ማለቱ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል ማለቱ..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

እናቷ የሚሉትን አልሰማችም፤ የሰማችው ያን ጧት በስልኩ ሽቦ ውስጥ የመጣውን ድምፅ ነበር። በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ። ስትደውልለት ከጧቱ አንድ ሰዓት ነበር። ከአንድ ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት ሲቆጠር አራት ይመጣል። እሷ ሦስት ሰዓት ላይ ብላ ሰማች፤ እሱ ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል ብሎ ተናገረ። ለአባቷም፣ ለሐኪሙም፣ ለእናቷም "ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል" ብላ ያወጀችው ራሷ ነበረች።

እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። አሁን ግን መሰላሉ ሥር ቆማለች።

"ያን ቀን ስንት ሰዓት ላይ ደረስክ?"

"የትኛውን ቀን?"

"ታውቀዋለህ!"

ቀስ ብሎ ወረደ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። "በአንድ ሰዓት ደወልሽ። በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ አልኩሽ። አራት ሰዓት ላይ እዚህ ነበርኩ፤ ቃሌን አላጓደልኩም። የአየር ማረፊያው ዘበኛ 'ሄደዋል፤ ተከትሎን እንዳይመጣ ብለዋል' አለኝ። ከቀናት በኋላ ቤት ብደውል እናትሽ አነሡ። 'አባቷ በር በሩን እያየ ነው የሄደው፤ ሁለተኛ እንዳትደውል' አሉኝ። ታዲያ ምን ቀረ የምትጠይቂኝ?"

"እኔ... ሦስት ሰዓት ላይ የምትደርስ ነበር የመሰለኝ።"

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። ስትጠብቅ የነበረው ፊቱ እንዲበራ ነበር። ይልቁንም ፊቱ ጠቆረ።

"ሦስት ሰዓት ላይ? አንድ ሰዓት ላይ ዕቃ ጫኟ ጭነቷን እንኳ አላራገፈችም። ማራገፍ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ሽቅብ ሃምሳ ደቂቃ አለ። ይህን ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂዋለሽ!"

"አባቴ እየሞተ ነበር!"

"ሰው ቁጥር ባልደገመ ቁጥር የምትጮሂው አንቺ፣ 'እሺ' ብለሽ ዘጋሽብኝ!"

"አንተስ 'ውስጥ' የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር ምላስህ ይቆረጥ ነበር?"

"ይሁን። ቃሉ ነው እንበል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲል ይበልጥ ከፋ። "ቃሉ የበደለን አንድ ሰዓት ነው። አራቱን ወር ማን በደለን? አንድ ቀን ደውለሽ 'ምን ሆነህ ቀረህ' አላልሽኝም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ?"

"አትንገረኝ።"

"እናትሽ 'እዚያ ታች ያሉት ቃል የላቸውም' ይላሉ። አንቺ ስትስቂባቸው ነበር። ልብሽ ግን አልሳቀም። የቀረሁ ዕለት አልገረመሽም። ይኸው ነው እኔን የገደለኝ፤ መቅረቴን ከማመን በፊት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አለመገረምሽ!"

ዱላ ቢሆን ትችለው ነበር። እውነት ሆነባት። ነገር ግን እሷም የዳኛ ልጅ ናት፤ ፍርዱ በአንድ ወገን ብቻ እንዲያርፍ አትተወውም።

"አንተስ? ዘበኛ ሂድ ስላለህ የምትሄድ ሰው ነህ? ብሎን አይደለህ? ለቀብር መጥተህ በእናቴ ብትሰደብ ምን ይቀርብህ ነበር? ልንገርህ እኔም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኛ ቤት በር ላይ እንደምትባረር ስትጠብቅ ኖርክ። ሲደርስልህ 'አላልኩም?' ብለህ አርፈህ ተቀመጥክ። እኔን ከማጣት ይልቅ ትክክል መሆን በለጠብህ!"

ጨርቁን መሬት ላይ ጣለው። ቃሉ እንደደረሰበት አየች፤ ደስ ሊላት ሲገባ አልቻለችም። ለቁስል ቁስል ሰጥታ ነበር፤ ሁለቱም ግን የሚያማት እሷን ነበር።

"ጨረሳችሁ?"

ዳይሬክተሯ ከኋላቸው ቆመዋል። የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሁሉንም መስማታቸው ከፊታቸው ይታወቃል።

"እማዬ፣ እሱ እኮ..."

"ሰማሁ። ደንቆሮ አይደለሁም።" ወደ መካኒኩ ዞሩ። "ዳኛው 'ትንሽ እንጠብቀው፤ ልጁ ይመጣል' ብሎኝ ነበር። ሐኪሙም 'ትንሽ መቆየት እንችላለን' አለ። ተነሡ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ልጅቱ ክንፉን ተደገፈች። "ይህን አልነገርሽኝም።"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ባሌ እጄ ላይ እያለቀ አንድ መካኒክ ጠብቂ አሉኝ፤ አልጠብቅም አልኩ። ዛሬም ያው ነኝ፤ አልጠብቅም።" ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አጠበቁ። "ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ሰማህ?"

"ይቅርታ ይጠይቁኝ አላልኩም፣ እትዬ።"

"ጥሩ። ይህን ሞተር አስነሣልኝ።"

ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ሲሄዱ ጠፍጣፋው አስፋልት ላይ አንድ ጊዜ ተደናቀፉ። ሁለቱም አዩ፤ ሁለቱም ሊደግፏቸው አንድ አንድ እርምጃ ተራምደው ቆሙ። ልጅቱ በዚያች ቅጽበት በእናቷ ላይ መናደድና ለእናቷ ማዘን አንድ ላይ ሲያንቃት ዓይኗን ጨፈነች።

እሱ ወደ መሰላሉ ወጣ። ሞተሩ መጀመሪያ አጓራ፣ ጭስ ተፋ፣ ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ክብ ሆኖ ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። የሥራ ተቋራጩ "ሳንገፋው ተነሣ!" እያለ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ።

ተሳፋሪው ተሰልፎ ገባ። መጨረሻ ላይ እናትና ልጅ ቀሩ።

"ተሳፈሪ እንጂ" አሉ እናቷ።

"አልሳፈርም።"

"ለሱ ብለሽ?"

"አሁን ፊቱን ማየት አልፈልግም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ያልጨረስኩት ጥል አለኝ፣ እማዬ። በስልክ የሚያልቅ ጥል አይደለም።"

ዳይሬክተሯ ትክ ብለው አዩዋት። የጠበቀችው ስድብ አልመጣም። ከአንገታቸው ሻርፓቸውን ፈትተው በልጃቸው አንገት ላይ ጠመጠሙት፤ ሲያጠብቁት ሊያንቋት የፈለጉ ይመስላል።

"ይበርዳል። ደግሞ እንዳታለቅሺለት፤ ይኮራብሻል።"

"እሺ።"

"ሞኝ" አሉና ደረጃውን ወጡ። በር እስኪዘጋ አልዞሩም። ልጅቱ ግን ሻርፑ ላይ የቀረውን የእናቷን ሙቀት በሁለት እጇ ያዘችው፤ ቶሎ እንዳይበርድባት።

አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ደመናው ገባ። እሱ መሣሪያዎቹን ሣጥኑ ውስጥ እየደረደረ ነው። ዕቃ ጫኟ እስከ ነገ ጧት ቁልቁል አትሄድም፤ በመኪና የሚወርድ ሰው ደግሞ በዚህ ሰዓት አይነሣም። ሁለቱም መሄጃ አልነበራቸውም።

"ትሄዳለች ብዬ ነበር" አለ ለሣጥኑ እንደሚናገር።

"ዝም በል። ገና አልጨረስኩም።"

"እኔም አልጨረስኩም።"

"መጀመሪያ እኔ ነኝ።"

"ቀጥይ።"

ለመቀጠል አንድ እርምጃ ቀረበችው። አራት ወር ሙሉ የተሸከመችው ቁጣ ቀዝቃዛና ጨዋ ነበር፤ ሰው መንገድ ላይ ለገፋው ለማያውቀው ሰው የሚይዘው ዓይነት። ይህኛው ሌላ ነው። ጆሮዋን ያግላል፣ ቱታውን ይዛ እንድትነቀንቀው ይገፋፋታል። እሱም ሣጥኑን ትቶ ቀና ሲል ዓይኑ ውስጥ ያንኑ አየች። ሁለቱም ተፋጠው ቆሙ። ደረቷ ውስጥ የሚነደውን ነገር ምን እንደምትለው አላወቀችም፤ ለባዳ ይበዛል፣ ለጠላት ደግሞ ይሞቃል።